ከአንበሳሜ የመጣው አውራ ዶሮ

አምሐ ዶሮ ጠባቂ ነው፤ ቤቱ ግን ዶሮ አይገባም። የሚሠራው ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ካለ የክትባት መሞከሪያ ነው። ግማሾቹ ዶሮዎች የፈንግል ክትባት ወስደዋል፣ ግማሾቹ አልወሰዱም። ሲደርሱ ቫይረሱ ለሁሉም ይሰጣል፤ የትኛው ትንፋሽ አጥሮት እንደሚሞት፣ የትኛው እንደሚተርፍ ይታያል። ከዚያ በፊት በሽታ ከውጭ ከገባ ያልተከተቡት ቀድመው ያልቃሉ፤ ሙከራው ከነድካሙ ይጣላል። ስለዚህ ሠራተኛው ታጥቦ ይገባል፣ ቦቲ ይቀይራል፣ የውጭ ዶሮ አይነካም። አምሐ ይህን ሕግ ከጾም አጥብቆ ስለሚይዝ ጎረቤቱ «የዶሮ መነኩሴ» ይለዋል።

ቫይረሱ በሚሰጥበት ዋዜማ አማቱ እማማ የብርጓል አራስ ልጃቸውን ሊጠይቁ ከአንበሳሜ መጡ። ቀይ አውራ ዶሮ በብብታቸው ሸጉጠው ከባጃጅ ወረዱ። አምሐ በሩ ላይ ተገተረ።

«እማማ፣ እርስዎ ይግቡ። ዶሮው አይገባም።»

«ምን አልህ?»

«ያስነጥሰዋል። አፍንጫውንም ይዩት፣ ይፈሳል።»

«የሚፈሰውስ ያንተ አፍ ነው! አራስ በባዶ እጄ ልጠይቅ?»

«ሥራዬ ይበላሻል። እዚያ ያልተከተቡ አሉ።»

«ክተባቸዋ!»

«ያልተከተቡት ካልታመሙ የክትባቱ መሥራት በምን ይታወቃል?»

«ሊገድል ነው የሚቀልባቸው! ልጄን ለማን ሰጠሁ?»

ሚስቱ ወንጌላዊት ከውስጥ ጮኸች፤ «አምሐ፣ እናቴን ከደጅ ከመለስህ ሕፃኑን ይዤ አብሬያት እሄዳለሁ!»

እማማ የብርጓል መልሱን አልጠበቁም። ዶሮውን ደረቱ ላይ ወረወሩበት። አምሐ ሳያስበው ቀለበው። ክንፉ ፊቱን መታው፣ ንፍጡ ሸሚዙ ላይ ቀረ። አለቀ።

ዝም ማለት ይችል ነበር። ዶሮዎቹን ግን ከጫጩትነታቸው ያሳደጋቸው እሱ ነው። ለአለቃው ለምሥጋና ደወለ።

«ዶሮ ነክቻለሁ። የሚያስነጥሰው።»

«በዛሬ ቀን? ጤነኛ ነህ?»

«አማቴ ወርውረውብኝ ነው።»

«አማትህን እዚያው! ሳምንቱን ሙሉ ድርሽ እንዳትል። ነገ ሌላ ሰው ይገባል።» ጆሮው ላይ ዘጋበት።

በማግሥቱ፣ ሌላው ሰው የአምሐን ቦቲ አጥልቆ ቫይረሱን ሲሰጥ፣ አውራው ታርዶ ተሠራ። ወጡን ያወጡት እማማ የብርጓል ናቸው። ፈረሰኛው፣ የአባወራው ድርሻ፣ ለወንጌላዊት ሄደ። ለአምሐ አንገቱ ደረሰው።

«ብላ እንጂ» አሉት። «አሁንማ አያስነጥሰውም።»

አምሐ አንገቱን በእንጀራ ጠርዝ ገፋ አደረገው። «እማማ፣ አንበሳሜ መቼ ነው የሚመለሱት?»

«አንተ ሥራ ስትገባ።»