ከአዲስ አበባ የመጡት ሦስት ሥሮች

እናቴ በግቢዋ ታሳድገው የነበረውን ቀይ አበባ ያገኘሁት እሷ ካረፈች ከስንት ዓመት ፍለጋ በኋላ ነው። ቤቷ ሲሸጥ ገዢው ነቅሎ ጥሎታል። አዲስ አበባ ያለ አንድ የችግኝ ነጋዴ ሦስት ሥር ብቻ እንደቀረው በስልክ ነገረኝና በካርቶን አድርጎ በአውቶቡስ ላከልኝ። «እንደ ብስኩት ነው፣ ቶሎ ይሰበራል» አለኝ። አውቶቡሱ ቀይ አፈር ከተማ ደርሷል ሲሉኝ እንኳ ካርቶኑ ላይ ስንት ኩንታል እንደተጫነበት ነበር የማስበው።

ጂንካ መናኸሪያ ተቀብዬ ስከፍተው ሦስቱም ደህና ናቸው። ከጣት አይበልጡም፤ አናታቸው ላይ የስንዴ ፍሬ የምታህል ቀይ ዓይን አለች። ነጋዴው አደራ ያለኝ ስለዚያች ዓይን ነው፤ አበባው የሚበቅለው ከእሷ ነው። እርጥብ ጨርቅ ላይ አስተኛኋቸውና ወደ ቢሮ ተመለስኩ።

ያን ሰሞን አማቴ ከገዘር መጥተው እኛ ጋ ነበሩ። ዕድሜያቸውን በእንሰት ያሳለፉ የአሪ ሴት ናቸው። እንሰት ሲያራቡ የሥሩን ልብ በቢላ ፈልፍለው ያወጣሉ፤ ያኔ ዙሪያውን ብዙ ችግኝ ይሰጣል። ከሥራ ስመለስ ሁለቱ ሥሮች ዓይናቸው በቢላ ተፈልፍሎ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ተሰጥተዋል። ሦስተኛው እጃቸው ላይ ነው።

«ልቡ ካልወጣ ልጅ አይሰጥም፣ ልጄ። ላግዝሽ ብዬ ነው።»

«ማን ንኩ አለዎት! የእናቴን አበባ ገደሉት!» ብዬ ከእጃቸው ነጠቅኩ።

በማግስቱ በመጀመሪያው ሚኒባስ ወደ ገዘር ሄዱ።

የተረፈውን ተከልኩት። ግን ትዕግሥት የሚባል አልፈጠረብኝም። ደርቆ ይሆን፣ በስብሶ ይሆን እያልኩ በየሁለት ቀኑ አፈሩን ገለጥ አድርጌ አያለሁ። በሦስተኛው ሳምንት ዓይኗ ነጭ ጫፍ አውጥታ አገኘኋት። ደስ ብሎኝ ትንሽ ልግለጥላት ብዬ ጣቴን ስሰድ ቀጭ አለች። ጫፏ ጥፍሬ ውስጥ ቀረ። ሥሩም ብዙ ሳይቆይ በሰበሰ።

አማቴ በወሩ ተመለሱ። ገና ከበሩ ሳያልፉ «ያ አንዱስ?» አሉኝ።

«አልበቀለም።»

ጎንበስ ብለው ጉልበቴን ሊይዙ ሲሉ ደግፌ አነሳኋቸው። «የእኔ እጅ ነው፤ እሱንም ነክቼዋለሁ። የእናትሽን አበባ ጨረስኩብሽ። ይቅር በይኝ።»

በጣም አፈርኩ። እውነቱን ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ።

«ግድ የለም፣ እማማ» አልኳቸው፤ «ይቅር ብዬዎታለሁ።»