ልብሱን ያልቀየረው ምስክር

ድሬዳዋ የኢንተርኔት ጥገና ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ ጋሽ ተፈራ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ የመስመር መፈተሻና አንድ አሮጌ ላፕቶፕ አስረከቡኝ። ሦስቱን ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረጉልኝ፤ ላፕቶፑን ግን እንደ ሕፃን በሁለት እጃቸው አቀበሉኝ።

«ይኼ ምስክር ይባላል» አሉ።

«ላፕቶፑ?»

«አዎ። ደንበኛ ኢንተርኔት እምቢ አለኝ ብሎ ሲጮህ ትሄጃለሽ። የሞደሙን መብራት ታያለሽ፣ መስመሩን ትለኪያለሽ። ከዚያ የሰውየውን ኮምፒውተር ትነቅዪና ምስክሩን ትሰኪያለሽ። ምስክሩ ላይ ከሠራ ችግሩ የደንበኛው ነው፤ ካልሠራ የእኛ። አበቃ። የቡድኑ ምስክር አንድ ብቻ ስለሆነ፣ አዲስ ገቢ ይሸከመዋል።»

እኔ ከደብረ ማርቆስ የመጣሁ፣ በዚያ ሙቀት እንኳ ነጠላዬን ሳልለብስ ከቤት የማልወጣ ሴት ነኝ። «በሐሰት አትመስክር» የሚለውን በቃሌ እያልኩ ነው ያደግሁት። ምስክር ተሸክሜ እንጀራ እበላለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

ጋሽ ተፈራ የጥገና ቡድን መሪ ናቸው። የባቡር ሠራተኛ ልጅ፣ ድሬ ተወልደው ድሬ የሸመገሉ። አንድ ሕግ ደግሞ ጨመሩልኝ፦ ዊንዶውስ የሌለውን ደንበኛ አንረዳም። «ሊኑክስ የሚሉት ነገር አለ። ማንም በነጻ አውርዶ በዊንዶውስ ፋንታ ኮምፒውተሩ ላይ ይጭነዋል። እኔ በነጻ አግኝቼ ያልተጸጸትኩበት ጸበል ብቻ ነው» አሉኝ።

ሊኑክስን በዓይኔ ያየሁት መጋላ ሰፈር፣ ፉአድ ቤት ነው። ፉአድ ጠባብ መንገድ ውስጥ የኮምፒውተር ቤት አለው። ያትማል፣ ይጽፋል፣ ለተማሪ ቅጽ ይሞላል። ኮምፒውተሮቹ ከታይዋን ገበያ የተገዙ አሮጌዎች ናቸው፤ ሁሉም ላይ ሊኑክስ ነው የጫነው።

«ለምን እንደ ሰው ዊንዶውስ አትጭንም?» አልኩት።

«አቦ፣ የድሬ ፍላሽ ሁሉ የሚመጣው እኔ ጋ ነው። የሰርግ ዘፈን የያዘው፣ የቀበሌ ደብዳቤ የያዘው፣ ሁሉም በሽተኛ! ዊንዶውስ ገና ሲነካው ይወድቃል። የእኔው ሆዱ ጠንካራ ነው፤ ያልፈጨው ቫይረስ የለም።»

ነገሩን ቀልድ መስሎኝ ነበር። ብዙ ሳይቆይ ቀፊራ ገበያ ያሉ አንዲት የቅመም ነጋዴ ሞደማቸውን አስተካክዬ ስጨርስ ፍላሽ አወጡና «የልጄን የሰርግ ፎቶ እስቲ ክፈቺልኝ» አሉኝ። ሰካሁት። ሙሽራዋን ሳላያት ምስክሩ ዕውር ሆነ።

ቢሮ ተመልሼ «ጋሼ፣ ምስክሩ ታመመ» አልኩ።

«ዊንዶውስ የሚጭነው ባለሙያ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ጊዜ ይፈጃል። አንቺው አስታምሚው» አሉኝ ቀና ሳይሉ።

አስታምሚ ከተባልኩ ዘንድ በሽተኛዬን ይዤ ሐኪም ወደማውቅበት ወደ መጋላ ሄድኩ። ፉአድ ላፕቶፑን ተቀበለኝና ሊኑክስ ጫነበት። እዚያ ላይ ቢበቃው ምን ነበረበት? ሰውየው ነገር ይወዳል። የዊንዶውስን አረንጓዴ መስክና ሰማያዊ ሰማይ ፊቱ ላይ ለጠፈ፣ ጥጉ ላይ የዊንዶውስ የሚመስል ቁልፍ አስቀመጠ፣ የፋይሎቹን ሥዕል ሳይቀር አመሳሰለ።

«እንኪ» አለኝ። «ምስክርሽ ሃይማኖቱን ቀይሯል፤ ልብሱን ግን አልቀየረም።»

«ፉአድ፣ ይኼ እኮ ማታለል ነው!»

«ማን ጠየቀሽና? የጠየቀሽ ቀን ትነግሪያለሽ።»

እኔ በዚህ አልተኛሁም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባቴን አማከርኳቸው። አባ ነገሩን በጥሞና ሰሙኝ።

«ይህ ዕቃ ይናገራል?»

«አይ አባ።»

«የሚያሳየው እውነት ነው?»

«መስመር ካለ አለ፣ ከሌለ የለም ይላል።»

«እንግዲያው እሱ አልዋሸም። አንቺም ስትጠየቂ አትዋሺ።» መስቀሉን አሳለሙኝና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ «የሰበካው ቢሮ ኢንተርኔት ግን ለምንድን ነው እንዲህ የሚቆራረጠው?»

ከመጋላ ባለሱቅና ከንስሐ አባቴ አንድ ዓይነት ፍርድ ስሰማ ልቤ ረጋ። ለሰበካው ሞደም ቀየርኩለት።

ምስክሩም ሥራውን ቀጠለ። እንዲያውም ወጣት ሆነ። አንዳንዴ ጋሽ ተፈራ አብረውኝ ደንበኛ ቤት ሲሄዱ ገጹ ብልጭ ብሎ ሲከፈት ያዩና ደረታቸውን ይነፋሉ። «አየህ ወንድሜ፣ ዊንዶውስ ማለት እንዲህ ነው። የነጻው ቢሆን እስካሁን እየለመንነው ነበር» ይላሉ። እኔ የነጠላዬን ጫፍ ነክሼ ግድግዳ አያለሁ። ማንም የጠየቀኝ የለማ።

ተማሪዎች ለዩኒቨርሲቲ ምርጫ የሚሞሉበት ሰሞን የፉአድ መስመር ታመመ።

«አቦ ሰው ላኩ! ከምሳ በኋላ ድርግም ይላል!» ብሎ ደወለ። ጠዋት ሄድኩ። ሞደሙ ደህና፣ መስመሩ ደህና፣ ምስክሩም ደህና። «ጠዋት ሲታይ ይሠራል» ብዬ ሪፖርት ጻፍኩ። ጋሽ ተፈራ እላዩ ላይ «ችግሩ የደንበኛው ነው፤ ሊኑክስ» ብለው ዘጉት። ፉአድ እንደገና አመለከተ፤ እንደገና ጠዋት ተላክሁ፤ እንደገና ሠራ።

«ለሦስተኛ ጊዜ ካመለከተ መጨረሻው ነው» አሉኝ ጋሽ ተፈራ። «ወይ ዊንዶውስ ይጭናል፣ ወይ ሁለተኛ ሰው አይላክለትም።»

ይህንን ለፉአድ ስነግረው ባዶ ወንበሮቹን አሳየኝ። ተማሪ የሚመጣው ከምሳ በኋላ ነው፤ ከምሳ በኋላ ደግሞ መስመር የለም። ልጆቹ ሌላ ሰፈር መሄድ ጀምረዋል። «በዚህ ከቀጠለ ቤቱን ለሳምቡሳ ጠባሽ አከራየዋለሁ» አለኝ። ቀልዱን የጨረሰው ሳይስቅ ነው።

እኔ ድሬ ውስጥ ዘመድ የለኝም፣ በርጫ አልቀመጥም። ከምሳ በኋላ ከተማው በሙሉ ጥላ ፈልጎ ጋደም ሲል፣ ያልተኛውም ጫቱን ይዞ ሲቀመጥ፣ ቢሮ ውስጥ የምቀረው ብቻዬን ነኝ። እንዲህ ብቻዬን ተቀምጬ የድሮ ሪፖርቶችን ሳገላብጥ አንድ ነገር ታየኝ፦ የእኛ ቡድን ከቀትር በኋላ ደንበኛ ቤት የሄደበት ቀን የለም። ምስክራችን የሚመሰክረው ጠዋት ነው፤ የፉአድ መስመር የሚጠፋው ከሰዓት።

«ጋሼ፣ ፉአድ ጋ ስምንት ሰዓት ላይ እንሂድ» አልኳቸው።

«በስምንት ሰዓት ድሬ ውስጥ የሚንቀሳቀሰው ፍየልና ባጃጅ ብቻ ነው።»

«ሦስተኛ እኔ ልሁና።»

ሳቁ። «እሺ፣ ያንን ሊኑክስ ራሴ ልቅበረው» ብለው ተነሡ።

ፉአድ በሩ ላይ ጠበቀን። «ጋሽ ተፈራ! መጣህ አቦ? ግባ፣ ውሃ ጠጣ!» አለ። ድሬ አንቱታ አያውቅም፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ ሽማግሌ አንተ ሲባል ስሰማ እሸማቀቃለሁ። ጋሽ ተፈራ ምንም አልመሰላቸውም። ኮምፒውተሮቹን አንድ በአንድ ነካኩ። ኢንተርኔት የለም።

«ይኸው፣ የነጻ ነገር። እመቤት፣ ምስክሩን አውጪ።»

ሰካሁት። አረንጓዴው መስክ መጣ። ገጹ ግን አልተከፈተም።

ጋሽ ተፈራ ገመዱን ነቅለው ራሳቸው ሰኩት፤ ያው ነው። እልኸኛ ቢሆኑም ሐቀኛ ናቸው። «ዊንዶውስም ላይ ከጠፋማ… ችግሩ የእኛ ነው ማለት ነው» አሉ ቀስ ብለው። የፉአድ ፊት በራ።

ያን ጊዜ ምስክሩ ጥግ ላይ «ግንኙነት የለም» የሚል መልእክት ብቅ አደረገ። ጋሽ ተፈራ ምስክሩ ሲሠራ እንጂ ሲወድቅ አይተውት አያውቁም። ፉአድም ያቺን አንዲት መልእክት ዊንዶውስ ማልበስ ረስቷል። መነጽራቸውን አስተካክለው ጎንበስ አሉ።

«ይኼ ምንድን ነው? ዊንዶውስ አይደለም እንዴ?»

ከኋላቸው ፉአድ ሁለት እጁን አጣምሮ ይለምነኛል። «ነው» ብል ቤቱ ይተርፋል። አንዲት ቃል ናት። ግን ተጠየቅሁ።

«አይደለም ጋሼ። ሊኑክስ ነው።»

«ወላሂ ገደልሽኝ!» አለ ፉአድ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከቅመም ነጋዴዋ ፍላሽ ጀምሮ። አስታምሚው ብለውኝ ነበር፤ ዳነ።»

ፊታቸው ቲማቲም መሰለ። «እንግዲያው ቃሉ አይያዝም! ያልሠራው ሊኑክስ ስለሆነ ነው!»

«እሺ ጋሼ» አልኩ አንገቴን ደፍቼ። «ቃሉ ካልተያዘ ግን፣ በእሱ ቃል ‹ችግሩ የደንበኛው ነው› ብለን የዘጋናቸው አቤቱታዎች ሁሉ መከፈታቸው ነው። ከነገ ጀምሬ ቤት ለቤት እየዞርኩ ይቅርታ ልጠይቅልዎ?»

ጋሽ ተፈራ ምስክሩን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ በመጨረሻ ወደ ፉአድ ዞሩ።

«መሰላል አለህ?»

የሰፈሩ የመስመር ማከፋፈያ ሳጥን መንገዱ ጫፍ ላይ፣ ፀሐይ የሚጠብሰው ግድግዳ ላይ ነው። ጋሽ ተፈራ ራሳቸው ወጡ። ክዳኑ እጃቸውን ስለፈጃቸው ነጠላዬን ሰጠኋቸው። የፉአድን መስመር መገጣጠሚያ በፒንሳው ጫፍ ሲጫኑት ፉአድ ከቤቱ ጮኸ፤ «መጣ!» ሲለቁት «ሄደ!» እንደገና ሲጫኑ «መጣ!»

ከላይ መስኮት ተከፈተና አንዲት እናት ብቅ አሉ። «ማነው የሚመጣው? ማነው የሚሄደው? አታስተኙንም እንዴ!»

ገመዱ ሲቀጠል በደንብ አልታሰረም። በጠዋቱ ቅዝቃዜ ይነካካል፤ ሳጥኑ ሲግል ይላቀቃል። ጋሽ ተፈራ ቆርጠው እንደገና ቀጠሉት። ሲወርዱ ሸሚዛቸው ከጀርባቸው ተጣብቆ ነበር። ፉአድ ውሃ ሲሰጣቸው ሁሉም ኮምፒውተሮች ላይ ተማሪ መቀመጥ ጀምሯል።

«እመቤት» አሉኝ ጠጥተው ሲጨርሱ።

«አቤት ጋሼ።»

«ምስክሩ በሥራው ይቀጥል። ልብሱን ግን አስወልቂው።»

ፉአድ እዚያው አስወለቀው። በአረንጓዴው መስክ ፋንታ የራሱን ቤት ፎቶ ከነስልክ ቁጥሩ ለጠፈበት፤ ከዚያ በኋላ በየደንበኛው ቤት ስንዞር የፉአድን ማስታወቂያ ይዘን ነው። ጋሽ ተፈራም አይተው እንዳላዩ አለፉት።

ዛሬ እኔም ለአዲስ ገቢ ቴክኒሺያኖች የምላቸው ይህንኑ ነው። ደንበኛው ምን እንደሚጠቀም ከመጠየቃችሁ በፊት ስንት ሰዓት ላይ እንደሚጠፋበት ጠይቁት። በዚያው ሰዓት ሂዱ።