የአባባ ቮልስና የሰርጌ ማርሽ

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት... በማግስቱ የማገባ ሴት ፀጉር ቤት መቀመጥ ሲገባኝ፣ ጭሮ እቤታችን ግቢ ውስጥ የአባባን ቱታ ለብሼ መኪና ስር ተኝቼ ነበር። ጥፍሬ ስር የገባው ግራሶ እስከ ዛሬ አልለቀቀም። የሰርግ ፎቶዎቹ ላይ እጄን በአበባ የደበቅኩት ለዚህ ነው፣ ሌላ ነገር እንዳታስቡ።

አባባ ከእኔ በዕድሜ የምትበልጥ ሰማያዊ ቮልስ አለችው። ከሕፃንነቴ ጀምሮ «አንቺን ዳር የማደርስሽ በዚች መኪና ነው፣ እኔ ራሴ እየነዳሁ» ሲለኝ ነው ያደግኩት። ሞተሯ ከሞተ ግን አራት ዓመት አልፎታል። ናሆም (አሁን ባሌ ነው... ባሌ ስል እስካሁን ሳቄ ይመጣል) ሽማግሌ ሲልክ፣ አባባ ስለ ልጁ ሥራም ስለ ዘመዶቹም አልጠየቀም። «ሰርጉ መቼ ነው? ሞተር መፈለግ አለብኝ» ነው ያለው።

ፈልገን ፈልገን በደሳ አንድ ቡና ነጋዴ ግቢ ውስጥ ዶሮ የሚያድርባት አሮጌ ኮምቢ አገኘን። ኮምቢ ማለት ያቺ ሚኒባስ የምትመስለው ትልቋ ቮልስ ናት። ሞተሩን ከነካምቢዮው፣ ማለትም ከነማርሽ ሳጥኑ፣ ጭነን መጣን። ከዚያ ሦስት ወር ሙሉ ሳሎናችን ጋራዥ ሆነ። እኔና አባባ ፒስተኑን፣ ፋሻውን (የፒስተኑን ቀለበት)፣ ቫልቩን አንድ በአንድ ፈታትተን በናፍጣ አጠብነው... ያጠብነው ደግሞ በእማዬ ትልቁ የወጥ ድስት ነው። እማዬ ድስቷን አይታ ብረቶቻችንን በዓይኗ ትቆጥር ጀመር። ቆጠራዋ ነው ያስፈራኝ።

ጡረታ የወጡት መካኒክ ጎረቤታችን ጋሽ አሜ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ያዝዙናል፣ እኛ እንሠራለን። መግጠሙ ላይ ስንደርስ «የኛ ካምቢዮ ሁለተኛ ማርሽ አይይዝም፣ የኮምቢውን እንግጠም» ያልኩት እኔ ነኝ። ጋሽ አሜም «አቦ ቮልስ ቮልስ ነው፣ ግጠሚው» አሉ። ገጠምኩት።

እንግዲህ ቅዳሜ... አባባ፣ የቸርች ሽማግሌ አይደል፣ እጁን ሞተሩ ላይ ጭኖ «በኢየሱስ ስም» አለ። ጋሽ አሜ «ቢስሚላሂ» አሉ። እኔ ቁልፉን አዞርኩ። በአንድ ጊዜ ተነሳች። እኔ እልል፣ ጎረቤት እልል፣ አባባ ዓይኑን ጠረገና «ጭሱ ነው» አለ።

ከዚያ አንደኛ ማርሽ አስገብቼ ፍሪሲዮን ለቀቅኩ። መኪናዋ ወደ ኋላ ሄዳ የእማዬ ጎመን ውስጥ ገባች።

ሁለተኛ አስገባሁ። አሁንም ወደ ኋላ፣ ያውም ፈጠን ብላ። ሦስተኛና አራተኛን ለመሞከር ግቢው አይበቃም። በመጨረሻ የኋላ ማርሹን ሳስገባ... ቀስ ብላ ወደ ፊት ሄደች።

ጋሽ አሜ ጺማቸውን ያዙ። «ያ ረቢ... ኮምቢ እኮ ጎማው ጋ ዙሩን የሚገለብጥለት ሌላ ጥርስ አለው። ይቺ የላትም፣ ስለዚህ ማርሹ ሁሉ ተገላበጠ። ረሳሁት፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አርጅቻለሁ።»

«ምን ችግር አለ፣ የድሮውን ካምቢዮ መልሰን እንገጥማለን» አለ አባባ።

እማዬ ከጓዳ ብቅ አለች። «ያንን አሮጌ ብረት ነው? ለቁራሊዮ ሰጥቼ ሳፋ ለወጥኩበት። ድስቴን ስታበላሹ ምን ላድርግ?»

እኔ መሬት ላይ ተንከባልዬ ሳቅኩ። አባባ ግን አልሳቀም። ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ዘይት የጠጣ እጁን ያያል። «ስንት ዓመት ሙሉ ቃል ገብቼልሽ...» አለና አቆመው። ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ወደ ፊት አንድ ማርሽ አላት አይደል? ይበቃኛል፣ በሷ ነው የምሄደው» አልኩት።

እሁድ ጠዋት ቬሎዬን ሰብስቤ ቮልሷ ውስጥ ገባሁ። አባባ የኋላ ማርሹን አስገብቶ ወደ ፊት ተነሳን። ፍጥነታችንን ምን ልበላችሁ... አጃቢ ሴቶች ጎናችን በእግር እየሄዱ ይዘፍኑልን ነበር፣ እንዲያውም አንዳንዴ ቆመው ይጠብቁናል። አንድ ባጃጅ አልፎን ሄዶ፣ ተመልሶ መጥቶ «ልግፋችሁ?» አለ።

«አባባ ይቅርታ፣ የኔ ጥፋት ነው» አልኩት።

«ተዪው» አለ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል። «ሌላ ማርሽ ቢኖራት እስካሁን ለናሆም ሰጥቼሽ ነበር።»

አስፋልቱ ላይ ስንወጣ ጫት የጫነ አይሱዙ ከኋላችን መጣ። የኛን አገር መንገድ የሚያውቅ የጫት መኪናን ፍጥነት ያውቃል። ጡሩምባውን እያምባረቀ ጎናችን ሲደርስ ሾፌሩ ቬሎዬን አየ። ሳቀ፣ ሳቀና አንድ እስር ጫት በመስኮት ጭኔ ላይ ወረወረልኝ። «መብሩክ ሙሽሪት። በዚህ አካሄድሽ ምርቃና ያስፈልግሻል።»

የቸርች ሽማግሌ ልጅ፣ በአንድ እጇ አበባ፣ በአንድ እጇ ጫት። አባባ «ወንበሩ ስር ክተቺው፣ ፓስተሩ እንዳያይ» ብሎ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

ቸርች ስንደርስ ከአንድ ሰዓት በላይ አርፍደናል። መዘምራኑ መዝሙራቸውን ጨርሰው እንደገና ከአንድ ጀምረዋል። ናሆም ደጅ ላይ ላብ በላብ ሆኖ ቆሟል። አባባ ግን ሞተሩን አላጠፋም። እጁ መሪው ላይ እንዳለ ወደ እኔ ዞረ።

«ለመሄድ አንድ ማርሽ ነው ያለሽ» አለኝ። «ወደ ቤት ለመምጣት ግን አራት አለሽ።»

ሁለት ሰዓት የፈጀ ሜካፕ እዚያው አለቀ።

ነገ መልስ ነው። አባባ ራሱ መጥቶ በቮልሷ ሊወስደን ነው፣ ያውም በፍጥነት እንድንደርስ በአራቱ ማርሽ... ናሆም ከጠዋት ጀምሮ አንገቱን ወደ ኋላ ማዞር እየተለማመደ ነው።