ዳምጠውን ውኃ ያጠጣችው ሴት

ልጅ ሳለሁ ዳምጠው እንስሳ ይመስለኝ ነበር። አያቴ አባባ ሞላ፣ መርሳ ባለው ቤታችን፣ ማታ ማታ የማሽላ አገዳ እየማገዱ፣ እሸቱን በፍሙ ዳር እያዟዟሩ ሲተርኩ፣ ወንዝ ጠጥቶ የማይረካ፣ ሲራመድ ምድሩን የሚያንቀጠቅጥ አንዳች ግዙፍ አውሬ ነበር የሚታየኝ። ዳምጠው የሚባለው ጠጠር የሚዳምጠው የመንገድ ሥራ መኪና መሆኑን ያወቅሁት ቆይቼ ነው። ያኔ ግን ጭሱ ዓይኔን እየለበለበኝ፣ የኩራዙ ብርሃን የአያቴን ጥላ ግድግዳው ላይ እያስረዘመው፣ እናታቸው አመለወርቅ እንስራዋን አዝላ ወደዚያ አውሬ ስትጠጋ ትንፋሼን ውጬ እጠብቅ ነበር። ወንዶቹ ይሸሹታል። እሷ ግን «እንካ ጠጣ» ትለዋለች፤ ይጠጣል። ከሌላ ሰው እጅ አይጠጣም።

«ለዚህ ነው» ይሉ ነበር አባባ ሞላ ፍሙን በእንጨት እየቆሰቆሱ፣ «እናቴን ከወንዶቹ ጋራ አሰልፈው ደመወዝ የሰጧት። ሌሎቹ ሴቶች ለሠራተኛው ቆሎና ጠላ ሊሸጡ ነው የሚመጡት። የሷ ግን ስሟ ተጽፏል።»

አውሬውን የቤቱ ልጆች ሁሉ ስናድግ ተውነው። ያንን የተጻፈ ስም ግን እኔ አልተውሁትም።

ባለቤቴ ጌታቸው ወልድያ ውስጥ መካኒክ ነበር። ስንጋባ አባባ ሞላ በሕይወት ስለነበሩ ታሪኩን ከራሳቸው አፍ፣ አንገቱን ደፍቶ በአክብሮት ሰምቷል። ቤታችን ስንገባ ግን በሳቅ ፈረሰ። «መኪና ከእጅ ሲጠጣ! እሺ፣ ውኃ ቀድታለች በይኝ፣ ልመን። ደመወዝተኛ? በዚያ ዘመን? ሴት? ኧረ ሽማግሌው ቀጥፈዋል!» ከዚያ ወዲያ በትዳራችን ዘመን ሁሉ፣ የምነግረው ነገር አልዋጥ ባለው ቁጥር «ይኼም እንደ ዳምጠው ነው?» ይለኝ ነበር። እንግዳ ፊት ሳይቀር። እኔም በተናደድሁ ቁጥር ይብስበታል።

ታሞ አልጋ ከያዘ በኋላም አልተወኝም። አንድ ቀን ሐኪሙ ያለውን ስነግረው «እንደ ዳምጠው» ሲለኝ ትዕግሥቴ አለቀ።

«መዝገቡን ፈልጌ አመጣልሃለሁ!» አልሁት።

ትራሱን ደገፍ ብሎ ሳቀ። «ስሟን ካመጣሽ መርሳ ወርጄ፣ አያትሽ መቃብር ላይ ድንጋይ ተሸክሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

ሐኪሙ የነገረኝ ቀኑ ብዙ እንዳልቀረ ነበር። ድንጋዩን ለመሸከም አቅም እንደሌለው ሁለታችንም እናውቃለን። እኔ ግን «ተረታሁ» ሲል በጆሮዬ መስማት ፈለግሁ።

የድሮ የመንገድ ሠራተኞች መዝገብ ተቀምጦበታል ወደተባለው መሥሪያ ቤት ሄድሁ። ከቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ አምጪ ተባልሁ። የቀበሌው ጸሐፊ ለምን ጉዳይ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ቅድመ አያቴን ልፈልግ ነው ስለው «ከጠፉማ የሚያመለክቱት ፖሊስ ጋ ነው» አለኝ። እየቀለደ መስሎኝ ነበር። ደብዳቤውን ይዤ ስመለስ የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ስብሰባ ላይ ናት። በማግስቱ ደግሞ ሲስተም የለም።

«ልጄ፣ እኔ የምፈልገው አይጥ የበላው ወረቀት ነው። ሲስተም ምን ያደርግለታል?»

«መመሪያ ነው፣ እማማ።»

ባሌ ቤት ተኝቶ እየከሳ፣ እኔ ከአግዳሚ ወንበር ወደ አግዳሚ ወንበር እየተዛወርሁ ሰነበትሁ። በመጨረሻ ልጅቷ አቧራውን እያራገፈች አንድ ፋይል አወጣችልኝ። ሴቶቹ ጥቂት ስለሆኑ ስማቸውን ጮክ ብላ አነበበችልኝ።

«አመለወርቅ የለችም። ውኃ አቅራቢ ተብላ የተጻፈች አንዲት ሴት አለች፤ ዘነበች ይመር ትባላለች።»

«አይደለችም። የኔ አመለወርቅ ናት።»

«እንግዲያው የለችም» ብላ ፋይሉን ዘጋችው።

ቤት ስገባ ጌታቸው ፊቴን አየና ምንም ሳይጠይቀኝ «ምናልባት ዳምጠው ጠጥቷት ይሆናላ» አለ። ሳልወድ ሳቅሁ። በዚያው ሳምንት ዐረፈ።

ድንኳን ተተክሎ ለቅሶ ተቀምጠን ሳለ መርሳ አጠገብ ካለችው ከግራና ከተማ እማማ የሻረግ መጡ። የአመለወርቅ የወንድም ልጅ ናቸው፤ አርጅተው በሰው ተደግፈው ነው የሚሄዱት። አጠገቤ ተቀምጠው ጉልበቴን ይዘው አጽናኑኝ።

«አይዞሽ ልጄ። አንቺ የዘነበች ዘር አይደለሽ? እሷም ባሏ ሲሞትባት ነው እንስራዋን አዝላ መንገድ ሥራ የገባችው።»

«ዘነበች ማናት?» አልኋቸው።

«ወይ ጉድ! አክስቴ ናታ! የሞላ እናት! አመለወርቅ ብላ ስም ያወጣችላት አማቷ ናት። እኛ ቤት የምናውቃት ዘነበች ይመር ብለን ነው።»

ሙሽራ ስትገባ አማት አዲስ ስም ታወጣላታለች። ይህን ሌላ ሰው ባያውቀው አይፈረድበትም፤ እኔ ግን የጌታቸው እናት ብርቄ ብላኝ፣ ከባንክና ከጤና ጣቢያ በቀር በመታወቂያዬ ስም የሚጠራኝ የለም! አባባ ሞላ በአባታቸው ቤት ተወልደው ያደጉ ናቸውና እናታቸው ስትጠራበት የሰሙትን ስም ነገሩን። እሷ ደግሞ ለመንገድ ሥራው ጸሐፊ አባቷ ያወጣላትን ስም ሰጠች፤ ምን ታድርግ። አማቷ ላይ፣ አባባ ሞላ ላይ፣ ፋይሉን በዘጋችው ልጅ ላይ፣ ከሁሉ በላይ በራሴ ላይ ደሜ ፈላ። የባሰ የተናደድሁት ግን በሟቹ ላይ ነው።

«ትንሽ ብትቆይ ምን ነበረበት!» ብዬ ጮኽሁ።

ሴቶቹ ሐዘኑ አገረሸባት ብለው ዙሪያዬን ያዙኝ፤ አልቃሿም ግጥሙን ከኔ ተቀብላ ቀጠለች። ምን ብዬ ላስረዳቸው?

አርባው ካለፈ በኋላ ሄጄ ኮፒውን አወጣሁ። ልጅቷ «አይደለችም ብለው አልነበር?» አለችኝ። ለልጆቼ አሳየኋቸው፤ አይተው መለሱልኝ። ለጎረቤትም አሳየሁ፤ ከንፈራቸውን መጠጡልኝ። ያን ሁሉ ዘመን እውነት መሆኑን ለማሳየት ስታገል ኖሬ፣ አሁን ማረጋገጫው በእጄ ሲገባ የሚጠራጠር ሰው ጠፋ። አንዳንድ ማታ መብራት ሲጠፋ ያ የአገዳ ጭስ ይሸተኛል፤ አባባ ሞላም ይታዩኛል፤ እኒያ ሽማግሌ «ስሟ ተጽፏል» ይሉን የነበረው እንዲታመኑ ይሆን፣ ወይስ ከመሃላችን አንዱ ልጅ ተነሥቶ እንዲሞግታቸው እያልሁ አስባለሁ። እኛ ዝም ብለን እናምናቸው ነበር።

ባለፈው ቤተሰቡ በተሰበሰበበት ታሪኩን ደግሜ ሳወራ ሆን ብዬ ጨመርሁበት። ዳምጠው ጠጥቶ ሲረካ የዘነበችን እጅ ይልስ ነበር አልኋቸው። ከዚያ ወደ ትልቁ ልጄ ዞርሁ፤ የአባቱን ጋራዥ የያዘው እሱ ነው፣ ሞተር ፈታትቶ የሚገጥም ሰው።

«እውነትሽን ነው፣ እማዬ» አለኝ በለሰለሰ ድምፅ።

«መኪና እጅ ሲልስ? አንተ መካኒክ አይደለህም? ውሸት ነው አትለኝም እንዴ?»

ደንግጦ ውኃ ሊያመጣልኝ ተነሣ።