የሀፍላው የመጨረሻ ወንበር

ብሔራዊ ቡድናችን ለምን እንደሚሸነፍ የገባኝ ካርቱም ውስጥ ሀፍላ የምንለውን ሚኒባስ ስጠብቅ ነው። አል-ማንሺያ ሰፈር የሰው ቪላ በዘበኝነት የሚጠብቀው ጎረቤቴ ግዛው አብሮኝ ነበር። ጨዋታው ሳይጀመር አርካዊት ሰፈር፣ እህቴ አስናቀች ቤት ቴሌቪዥን ፊት መድረስ አለብን። እሱ ግን የሽንፈታችንን ምክንያት ይደረድራል፦ ሜዳ የለም፣ በጀት የለም፣ ቁመት የለም።

«ወዲያ!» አልኩት፤ «ልጆቹን ጎል ፊት ሲደርሱ ይሉኝታ ይይዛቸዋል።»

«ኳስና ይሉኝታ ምን አገናኛቸው፣ እትዬ?» ብሎ ሳቀብኝ።

ሀፍላው መጣ። የቀረው አንድ ወንበር ብቻ ነው።

«ይግቡ እትዬ።»

«አንተ ግባ፤ ለኳስ የምትሞተው አንተ ነህ።»

«እርስዎን አቁሜ? አይደረግም!»

«በሞቴ!»

«አፈር ስሆን!»

ሐብሐብ ያቀፈ ሱዳናዊ በመሀላችን ሾልኮ ገባና «ያላ!» አለ። ሀፍላው ሄደ።

ሌላ ብንጠብቅ ብንጠብቅ ስላልመጣ በእግራችን፣ በላብ ተጠምቀን ስንደርስ ጨዋታው አልቋል። አንድ ለዜሮ ተሸንፈናል። አስናቀች ደጃፏ ላይ እጇን እያወናጨፈች ጠበቀችን።

«በረኛው ወድቆ ነበር እኮ! ሁለቱ አጥቂዎቻችን አንተ ምታ፣ አንተ ምታ ሲባባሉ ተነስቶ ኳሷን አነሳት!»

እኔና ግዛው ተያየን፤ በሳቅ ፈረስን። ከዚያ በሩን ያዘልኝና «ይግቡ እትዬ» አለ።

ቃሉን ሳይጨርስ ገባሁ።