ቅጠሉ ሲገትር

ልብስ ሰፊዋን የመንገዱ ሰው የሚያውቃት «እጀ ወርቅ» በሚል ቅጽል ስሟ ነው። ታናሽ እህቷ ትለካለች፣ ትቆርጣለች፣ በመኪና ትሰፋለች፤ እሷ ደግሞ መኪና የማይሆንለትን የቁልፍ ቀዳዳና የቅምቅማት ስፌት በእጇ ትጨርሳለች። ከደንበኛ ጋር እየቀለደች፣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል የሰፋችውን ክር በጨርቁ ፊት በኩል ፈልጎ ያገኘ የለም።

የሱቁ መስኮት ደፍ ፔፔሮሚያ የሚባሉት የቤት ውስጥ ተክሎቿ ቦታ ነው። አንዱ ቅጠሉ ክብና አንጸባራቂ፣ አንዱ እንደ ሐብሐብ ልጣጭ ዥንጉርጉር፣ አንዱ ተጠቅልሎ እንደከረመ ጨርቅ የተጨማደደ ነው። በወፍራም ቅጠላቸው ውሃ ስለሚያጠራቅሙ ጥም ይችላሉ፤ ሥሮቻቸው ስስ ስለሆኑ ግን ጭቃ አይችሉም። ስለዚህ የምታጠጣቸው ቀን ቆጥራ ሳይሆን ቅጠሉን በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ ቀስ አድርጋ አጥፋ ነው። እህቷንም ያስተማረቻት በሙያቸው ቋንቋ ነበር፦ እንደ ሸራ አልታጠፍ ብሎ ሲገትር ተይው፣ እንደ ስስ ፖፕሊን ሲተጣጠፍ አጠጪው።

ነገሩ ሲጀምር ጣቷ ደነዘዘና፣ የብረት የጣት ቆቧን ካወለቀች በኋላም ያላወለቀችው መሰላት። መቀሱ ቀዝቅዞ ነው አለች። ቀጥሎ እጄ ላይ ተኝቼበት ነው አለች። መርፌው ሳይታወቃት ወድቆ ባዶ ጣቷን ወደ ጨርቁ የሰነዘረች ዕለት ግን ሰበቡ አለቀባት። ከዚያ ወዲህ ጨዋታ አቆመች፤ አንገቷን ደፍታ መርፌዋን በዓይኗ እየጠበቀች ትሰፋለች። ደንበኞቹ እጀ ወርቅ ኮራች ብለው አሟት። ለእህቷ ትንፍሽ አላለችም። በዚያ ሱቅ ያላት ድርሻ ያ ጣት ነዋ፤ እሱ ከሄደ ምን ይዛ ትቀመጣለች?

ፔፔሮሚያዎቹን ስትነካቸው ሁሉም ልፍስፍስ አሉባት። ጠምቷቸው ነው ብላ አጠጣች፤ ደግማም አጠጣች። ውሎ አድሮ ቅጠሉ ያለ ነፋስ መርገፍ ያዘ፣ አገዳው አፈሩ ጋ ጠቆረ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደሚባለው መጀመሪያ የተተከሉበትን ሸክላ ወቀሰች፣ ቀጥሎ አፈሩን፣ በመጨረሻ ተደብቀሽ እያጠጣሽ ገደልሽብኝ ብላ እህቷን።

ታናሺቱ ውሃ ማጠጫውን በእጇ እንዳልነካች ታውቃለች። ክርክሩን ትታ ከመኪናዋ ጀርባ ታያት ጀመር። አንድ ረፋድ ላይ ታላቂቱ ከቀሩት ሁሉ ጤነኛ የሆነውን ቅጠል አጠፈችው። ቅጠሉ እንደ ሸራ ገትሮ ነበርና ቀጭ ብሎ ተሰበረ። እሷ ግን የተጣጠፈ መስሏት፣ ጠምቶታል ብላ ማጠጫውን አነሳች።

ታናሺቱ የሱቁን በር ዘጋች። የተሰበረውን ቅጠል ከመሬት አነሳችና ቀረበቻት።

«እታለም፣ እስቲ ዓይንሽን ጨፍኚ።»

«በዚህ ዕድሜሽ ድብብቆሽ አማረሽ?» አለች ታላቂቱ፤ ግን ጨፈነች።

ታናሺቱ ቅጠሉን በሁለቱ ጣቶቿ መሃል አስያዘቻት፣ ወዲያው ደግሞ ሳብ አድርጋ ወሰደችው።

«ይዘሽዋል?»

«አዎ፣ ይኸው።»

ዓይኗን ስትገልጥ ቅጠሉ በእህቷ እጅ ነበር። ሁለቱም ባዶዎቹን ጣቶች አዩ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እያልሽ የምትቆጪኝ አንቺ አይደለሽም እንዴ?» አለች ታናሺቱ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ሐኪሙ የጣትሽ ስሜት አይመለስም ቢለኝስ? ምን ልሠራልሽ ነው? በር ልጠብቅልሽ?»

አይዞሽ፣ ይድናል ማለት ቀላል ነበር፤ ታናሺቱ ግን የማታውቀውን አልተናገረችም። ነገ ሱቁ ይዘጋና ሐኪም ጋ አብረን እንሄዳለን፣ ኮቱም ይቆያል አለች። ኮቱ የአንድ ሙሽራ ነው፤ የቀረው የቁልፍ ቀዳዳው ብቻ ነበር።

ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞሩ። ታላቂቱ እንደ ልማዷ መቀሱን አነሳችና መልሳ ለእህቷ ሰጠቻት። ከጠቆረው በላይ ቁረጪ፣ ቁስሉ ሳይደርቅ አፈር እንዳታስነኪው እያለች በቃል መራቻት። ከደፉ ሁሉ ሳይቆረጥ በሸክላው የቀረው ዥንጉርጉሩ ብቻ ነው። ታናሺቱ ቅጠሉን በሁለት ጣቷ ያዘች።

«ገተረ ወይስ ተጣጠፈ?» ብላ ጠየቀች ታላቂቱ።

«ይገትራል።»

«እንግዲያ ተይው» አለች ታላቂቱ፣ እጆቿን ብብቷ ውስጥ ከትታ። ከጀርባዋ የሙሽራው ኮት ያለ ቁልፍ ቀዳዳ ተንጠልጥሏል፤ ዞራ አላየችውም።