ያልፈረሰው ውዱእ

ፈዲላን የሥራ ባልደረቦቿ በዓረብኛ «ሙፈቲሽ»፣ መርማሪ፣ ይሏታል። ስሙን ያወጡላት ከጅዳ ተመልሳ ነርስነት ተምራ ሐይቅ ከተማ ሆስፒታል ሥራ በጀመረች ሰሞን ነው። አንዱን ነገር ሁለት ሦስቴ ካልጠየቀች አይሆንላትም፤ ራሴን አመመኝ ያላትን ሰው የቱ ጋ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ትናንትስ እያለች ታደርቀዋለች። ይህ አመል የያዛት ጅዳ ሳለች አልጋ ላይ የቀሩ አሮጊት ስታስታምም ነው። አሮጊቷ መናገር ስለማይችሉ ሕመማቸውን ከፊታቸው ማንበብ ነበረባት። ግትርነቱ ግን ከጅዳ አልመጣም፤ አምባሰል እናቷ ቤት ይዛው ያደገችው ነው።

ስለዚህ ዶክተር ሀምዳን የሞት አደጋን የሚገምት የነጥብ ስሌት ሲያመጣ ከሁሉ ቀድማ የወደደችው እሷ ነበረች። በዚያ ክረምት ከሐይቁ ዳር ትኩሳት ይዟቸው የሚመጡ ሰዎች በዝተዋል። ጎርፉ የአይጥ ሽንት ጠርጎ ውሃው ውስጥ ይከታል፤ በሽታ አምጪው ባክቴሪያ ደግሞ በተሰነጠቀ እግር በኩል ሰው ይገባል። አብዛኛው በመድኃኒት ይድናል። ጥቂቱ ግን ደህና ሲያወራ ውሎ ኩላሊቱ ይቆምና ይሞታል። ስሌቱ ይህን ጥቂት ሰው ቀድሞ ለመለየት ነው፤ ዕድሜን፣ የዓይንን ቢጫነት፣ የደም ግፊትን፣ አተነፋፈስንና የሽንትን መጠን ይደምራል። ነጥቡ ከፍ ያለበት ሰው ኩላሊት የሚያጥብ ማሽን ወዳለበት ወደ ደሴ ይላካል፤ የቀረው እዚያው ይታከማል።

ጋሽ ኸሚስ የመጡት ዓይናቸው ቢጫ ሆኖ፣ ባታቸውን ይዘው እያቃሰቱ ነው። ዕድሜያቸውን በሙሉ በታንኳ ቆሮሶ ዓሣ ሲያጠምዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ሰፈርተኛው የወፍ በሽታ ነው ብሎ ቤት አቆይቷቸው ነበር። ፈዲላ ለክታ ጠየቀች፣ ለክታ ጠየቀች፤ ሽንት ላይ ስትደርስ እሳቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው «አልሐምዱሊላህ» አሉ። በልጃቸው ዕድሜ ያለች ሴት ስለ ሽንታቸው ስትጠይቃቸው ሌላ ምን ይበሉ? አልጋው ሥር ለሽንት የተቀመጠው ሃይላንድ ሁልጊዜ ባዶና ንጹሕ ነበር። ሚስታቸው እማማ ዑምኩልሱም መስገጃ አጠገብ ነጃሳ የሚያሳድሩ ሴት ስላልሆኑ፣ ቶሎ ቶሎ እየደፉት ነው ብላ አሰበች። ሽንት ደህና ብላ ሞላች። ነጥቡም ዝቅ ብሎ ወጣ፣ ጋሽ ኸሚስም ግሉኮስ ተሰክቶላቸው ሐይቅ ቀሩ።

በማግስቱ ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ፈዲላ ግሉኮሱን ልትቀይር ገባች። የበሽተኛው ትንፋሽ ፈጠን ፈጠን ማለቱን አልወደደችውም። እማማ ዑምኩልሱም ግን ፊታቸው ፈክቷል፤ ነርሷ ስለ ባላቸው ጽናት እንድትሰማላቸው ፈልገዋል።

«አብሽሪ ልጄ፣ አላህ ረድቶታል። ባቱ እየጠዘጠዘው እንቅልፍ እንኳ ባይኖረው፣ በትናንቱ የመግሪብ ውዱእ ነው እስካሁን የሚሰግደው።»

ፈዲላ እጇ ላይ ያለው ግሉኮስ ከበዳት። ሽንት የሸና ሰው ውዱኡ ይፈርሳል፣ ለሶላት እንደገና ይታጠባል፤ ይህን የማያውቅ የወሎ ልጅ የለም፤ ክርስቲያኑም ያውቀዋል። ሰውዬው ከትናንት ምሽት ጀምሮ አልሸኑም ማለት ነው። እሷ ደግሞ ማውጫ ያጣ ውሃ በደም ሥራቸው ስታፈስ ውላለች። ሌላውን ሁሉ ሦስቴ የምትጠይቅ ሴት ይህችን አንዲት ነገር አንዴ ጠይቃ ማለፏ አንገበገባት። ግሉኮሱን ዘግታ ወደ ሀምዳን ሮጠች።

ሀምዳን የሽንት ቱቦ ሲያስገባ የወጣው ጥቁር ሻይ የመሰለ ጥቂት ጠብታ ብቻ ነበር። ነጥቡን እንደገና ደመረው፣ አሁን ከፍ ብሎ ወጣ። ግቢው ውስጥ አምቡላንሱ ምጥ የጠናባት ሴት ጭኖ ወደ ደሴ ሊወጣ ሞተሩን አስነስቷል፤ ሌላ መኪና ዛሬ የለም። ፈዲላ በመስኮቱ ብቅ ብላ ሾፌሩን ቁም ብላ ጮኸች። ሾፌሩም እጁን አውጥቶ ቶሎ በሉ የሚል ምልክት ሰጣት።

ጋሽ ኸሚስ ግን አልነሣም አሉ። ሰው አገር ከምሞት ሐይቄ ዳር ብሞት ይሻለኛል፣ ደግሞም ቢሻለኝ አይደል ከትናንት ጀምሮ በውዱእ ያለሁት አሉ። እማማ ዑምኩልሱም አንዴ እሳቸውን አንዴ ነርሷን ያያሉ። ፈዲላ አልጋው አጠገብ ተንበረከከች።

«አውፍ ይበሉኝ አባቴ። ውዱእዎ ያልፈረሰው ኩላሊትዎ ስለቆመ ነው። በደንብ ሳልጠይቅዎ የቀረሁት እኔ ነኝ።»

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩዋት። ውጭ ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋ።

«ስሌታችሁ ትሞታለህ ይላል?»

«እዚህ ከቆዩ ያሰጋል ይላል። ደሴ ከደረሱ የቀረውን አላህ ያውቃል።»

«እንግዲያው ደግፊኝ» አሉ።

ምጥ የያዛት ሴት አጠገብ፣ እግራቸውን አጥፈው፣ ፊታቸውን በጋቢ ሸፍነው ሄዱ። ፈዲላ አምቡላንሱ በደሴ መንገድ እስኪሰወር ቆማ አየችው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት ደሴ መደወል ፈራች። ሀምዳን ደውሎ ማሽን ላይ ናቸው ሲላት እንኳ ሌላ አልጠየቀችም፤ ሙፈቲሽ መልሱን የምትፈራው ጥያቄ ገጠማት። ማታ ማታ ለራሷ ገድያቸው ይሆን ትላለች።

ከሳምንት በኋላ በተራዋ መድኃኒት ስታድል ስልኳ ጮኸ። እማማ ዑምኩልሱም ናቸው፤ ድምፃቸው በልቅሶ ታፍኗል። ፈዲላ ሞቱ ብላ ኢና ሊላሂ ልትል አፏን ከፈተች።

«ኧረ ምን ልሁን ልጄ» አሉ ሴትዮዋ፣ «ከሱብሂ ጀምሮ ለየሶላቱ የውዱእ ውሃ አምጪ፣ ውሃ አምጪ እያለ እግሬን አቀጠነው።»